የትሬንዳፊላ ፍልጥ

ዳይቾ ዓይኑ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ቢሆነውም፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እሱ ነበር፤ ራኪያ የሚሉትን አረቄ ከቀመሱት ጋር ሲነጻጸር ማለቴ ነው። ምላሱን ከላንቃው እያላቀቀ «ጧ!» ያደርግና ድምፁ ምን ነክቶ እንደተመለሰ ያዳምጣል። ግንብ ጥርት አድርጎ ይመልሳል። ዛፍ ያንሾካሹካል። የማገዶ ክምር ደግሞ ቆራርሶ ነው የሚመልሰው። በዚያ የቡልጋሪያ ተራራ፣ ብርዱ ሲቃረብ ፍልጥ ያልተከመረበት አጥር ስለማይገኝ፣ ዳይቾ መንገዱን የሚያውቀው በክምር ነበር።

ልጁ ዝላትካ ግን ይህ አይዋጥላትም። ከከተማ መጣችና «አባዬ፣ በቃህ። ከእኔ ጋር አራተኛ ፎቅ ትኖራለህ» አለችው።

«አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ልሠራ? ከርግብ ጋር ላወራ?»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ። ጠዋት ያለ መሪ፣ ያለ ዱላ ዳቦ ቤት ከደረሰ እዚሁ መንደሩ ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል። ካልደረሰ ሻንጣው ይዘጋል።

ወሬው የመንደሩ ሹም ጌንቾ ጆሮ ገባ። «ጋሽ ዳይቾን አሳልፈን አንሰጥም!» ብሎ ሰው አስተባበረ። እንዳይደናቀፍ ብለው፣ ለእሱ ሳይነግሩት በሌሊት አግዳሚ ወንበሩን፣ ጋሪዎቹን፣ ጎማ የሌላትን የቄሱን መኪና፣ የፍልጡንም ክምር ሁሉ ከመንገዱ አነሱለት። እምቢ ያለችው ዳቦ ቤቱ አጠገብ የምትኖረው ትሬንዳፊላ ብቻ ናት። ዳይቾ «ክምርሽ መንገድ ዘጋ» እያለ ሰባት ዓመት ሲከሳት ኖሯል።

«ለእሱ ብዬ? አንዲት ፍልጥ አላነሳም!» አለች።

ዳይቾ ከበሩ ወጣ። «ጧ!» የመለሰለት ክምር የለም። «ጧ!» አሁንም ዝም። ሕዝቡ ድምፅ እንዳያሰማ ታዝዞ ዳር ዳሩን ቆሞ በኩራት ፈገግ ይላል። ዳይቾን ግን መንደሩ ጥሎት የሄደ መሰለው። ተሳስቶ ቄሱ ግቢ ገባ፤ ከልብስ ማስጫው ገመድ ጋር ታግሎ፣ የቄሱን ረጅም የውስጥ ሱሪ ራሱ ላይ ጠምጥሞ ወጣ። አንድ ደጃፍ ላይ የታሰረች አህያ ሲነካ ደንግጦ «ደህና አደሩ፣ እሜቴ» አላት። ጌንቾ ሳቁ እንዳያመልጠው ቡጢውን አፉ ውስጥ ከተተ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆመችው ዝላትካ ፊቷን ሸፈነች።

«ጧ!» አለ ዳይቾ፣ ፈርቶ።

ከወደ ቀኝ የተቆራረሰ ድምፅ ተመለሰለት። ሰባት ዓመት ሲረግመው የኖረውን ክምር እንዴት ያጣዋል? ቀጥ ብሎ ሄዶ ክምሩን አቀፈው። ሳመውም ይባላል። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ቤቱ ስድስት እርምጃ ነው። ሱሪው ራሱ ላይ እንዳለ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ለልጁ ሰጣት።

ዝላትካ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። «እዚሁ ቅር፣ አባዬ። ቅር በቃ።»

ዳይቾ ወደ ትሬንዳፊላ ዞረ። «ይህን ክምር የሚነካ ወዮለት!»

«አበድክ እንዴ? በረዶው ሲመጣ ምን ልሙቅ?»

ራሱን አከከ፤ እጁ ሱሪውን አገኘ። «እሺ፣ አንቺ ያነደድሽውን ያህል እኔ በየጠዋቱ እተካለሁ።»

ቃሉን ጠበቀ። በረዶ ሆነ ነፋስ፣ ጠዋት ጠዋት ፍልጥ ተሸክሞ «ጧ!» እያለ ይመጣል። ትሬንዳፊላ በቁጠባዋ መንደሩ ሁሉ የሚያማት ሴት ነበረች፤ በዚያ ብርድ ግን ፍልጡ ቶሎ እንዲያልቅ መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፍታ ስታነድ ከረመች።