ቀድሞ የገባ ድምፅ

ዘማሪዎች «ወንፊት» ይሉታል። በፊቱ አይሉትም፤ በፊቱ «ወንድማችን» ነው። በሳምንታዊው መንፈሳዊ ጋዜጣ ላይ «ጆሮ ይፍረድ» የምትል ዓምድ አለችው። አዲስ የወጣ የመዝሙር አልበም ሁሉ በዚያች ዓምድ በኩል ያልፋል፤ እስኪያልፍ ግን አበሳውን ያያል። ኪቦርዱ ዘማሪውን ከዋጠው ይናገራል። ገጣሚው ቃል ባጠረው ቁጥር «ሃሌ ሉያ» ከሰገሰገ ይናገራል። በአንዱ ስመ ጥር ዘማሪ ላይ «ድምፁ ወደ ሰማይ ሊያርግ ተነሥቶ ጣሪያው ላይ ቀርቷል» ብሎ ጽፎበት፣ ሰውየው እስከ ዛሬ ሰላምታ የሚሰጠው በአገጩ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ክፉ ሆኖ አይደለም። ጣጣው የመጣው ከአንድ ኮንሰርት ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ የመዘምራን ቡድን በአንድ አዳራሽ ሲዘምር፣ እሱ መግቢያ አጥቶ የጎን መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ የመስኮቱ ብረት ጭኑን እየቆረጠው። «በሩን ከፍቼ» የሚል መዝሙር ነበር። ከመጨረሻው አዝማች በፊት ሁሉም ዝም ይላል፤ መሪው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ጸጥታውን ይይዘዋል። በዚያ ጸጥታ መሀል፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ከኋላ ረድፍ የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻውን ገባ፤ «በሩን ከፍቼ ቆሜያለሁ።» ኦርጋን የለ፣ አጃቢ የለ። ከዚያ ኦርጋኑ ተሯሩጦ ደረሰባት፣ ቡድኑ ተከተላት፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፣ እሱም ከመስኮቱ ወደቀ። ደግነቱ የወደቀው ወደ ውስጥ ነው። የሴትዮዋን ፊት ግን ከፊት የቆሙት ረጃጅሞች ጋርደውት አላየውም።

ከዚያ ወዲህ የሰማውን ሁሉ የሚለካው በእሷ ነው። ዓምዱ ላይ ነገር ባነሣ ቁጥር «ያቺ ሴት» ሳይል አያልፍም። ያቺ ሴት ያለ ኪቦርድ ገባች፣ ያቺ ሴት ማንንም አልጠበቀችም፣ የዛሬ ዘማሪዎች ግን... እያለ ይቀጥላል። አንባቢው ሰልችቶታል። የጋዜጣው አዘጋጅ እንኳ «እባክህ ይህችን ሴትዮ ጡረታ አውጣት» ብሎ ለምኖታል።

በቤተሰቡ በኩል ደግሞ ሌላ ራስ ምታት አለበት፤ እዚያው ሰፈር የሚኖሩት አማቱ። የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከሰው ሁሉ ጋር ተጫዋች፣ ከእሱ ጋር ግን በረዶ የሆኑ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ያገባ ሰሞን «አንተ ልጅ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ያወድሱኛል ብሎ፣ ስለ ያቺ ሴት የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሹካቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ»፣ «ጤናዎ እንዴት ነው?» አማት እንዲህ ሲያከብር ሆድ ያባባል። ሥራዬን ቢንቁት ነው ብሎ ቅሬታውን ውጦ ኖረ።

ታዲያ አንድ ሰኞ አዘጋጁ ሲዲ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥለት፣ ከሽፋኑ ላይ ማን ቢስቁለት ጥሩ ነው? አማቱ! መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ።

«እኚህ እኮ አማቴ ናቸው! ሲዘምሩ እንኳ ሰምቻቸው አላውቅም።»

«እንግዲያው አሁን ስማቸው» አለ አዘጋጁ። «ዘለልከው ማለት ሸፈንክላቸው ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ያስቀየምከው ዘማሪ ጋዜጣችን ደጃፍ ላይ ይሰለፋል።»

ማታ ሚስቱ ከምትሠራበት ፋርማሲ ገና ከመመለሷ ሲዲውን አይታ ነገሩ ገባት።

«የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ስንት ለምነዋት ነው ስቱዲዮ የገባችው» አለችው። «ክፉ ነገር ብትጽፍባት ጋዜጣህን ለብሰህ ሶፋ ላይ ትተኛለህ።»

«ጥሩ ባይሆንስ? ልዋሽ?»

«ጥሩ ካልሆነ አሳጥረው።»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ኩሽና ውስጥ ተቀመጠ። ድምፃቸው መልካም ነበር፤ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ግን እውነት ያለበት። አንድ ነገር ብቻ አልጥመው አለ። በየመዝሙሩ ከበሮው ይገባል፣ ኪቦርዱ ይገባል፣ አጃቢዎቹ ይገባሉ፤ አማቱ ሁሉም መግባቱን አረጋግጠው ነው ከኋላ ሹልክ ብለው የሚገቡት። የመጨረሻው መዝሙር «በሩን ከፍቼ» ነበር። ያቺን ጸጥታ በኪቦርድ ደፍነዋታል! ቆሽቱ አረረ። ማዳመጫውን አውልቆ፣ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ወደ አማቱ ቤት ገሰገሰ።

አማቱ ሳሎን ውስጥ ቀሚስ ይተኩሳሉ። አልበሙ የሚመረቀው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው።

«ይቀመጡ» አሉት።

«እማማ፣ የመጣሁት ለሥራ ነው። አይቀየሙኝ። መዝሙሩ ላይ ለምንድን ነው ዘግይተው የሚገቡት?»

ካውያው ቆመ።

«አንዴ ቀድሜ ገብቼ አይቼዋለሁ» አሉ። «እርስዎም አልማሩኝም። ሃያ ዓመት በጋዜጣ አላገጡብኝ።»

«እኔ? በእርስዎ ላይ?»

«ያቺ ሴት፣ ያቺ ሴት እያሉ! ስሜን አለመጥራትዎ ጨዋነት መስሎዎት ይሆናል።»

ሶፋው ላይ፣ የተተኮሰው ሻርፕ ላይ ዘጭ አለ።

«ያቺ ሴት... እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን አለ በዝንብ የሚዘምር?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። መሪው አንድ እጁን አንሥቶ ጸጥታውን እንደያዘ፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ አረፈች። በሌላ እጁ እሽ አላት። ከኋላ ረድፍ፣ በሰው ትከሻ መሀል አሾልካ የምታየው የስልክ ኦፕሬተር፣ ያ የሚርገበገብ እጅ «ግቡ» ያለ መሰላትና ገባች።

«ማንም እንዳልገባ ሳውቅ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ» አሉ አማቱ። «ግን አንዴ አፌን ከፍቻለሁ፣ የት ልመለስ? ቀጠልኩ። በኋላ መሪው በሰው ፊት ልክ ልኬን ነገረኝ። ልጄን ይዤ ከተማም ቀየርኩ፣ መዝሙርም ተውኩ። ለእሷ እንኳ አልነገርኳትም። ሁሉም ረስቶልኝ ነበር፤ እርስዎ እስኪመጡ።»

«እኔ እኮ ሳሞግስዎ ነው የኖርኩት! ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ከመስኮት ወድቄያለሁ እኮ!»

«እርስዎ ሲያሞግሱ ማን ሰምቶ ያውቃል? ልጄ አጽናናት ብላ ልካዎት ነው። አመሰግናለሁ።» ካውያቸውን መልሰው አነሡ። «ደግሞ አይጨነቁ፤ እሑድ ቀረጻው ይከፈታል፣ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። መዘግየትም መቅደምም የለም።»

እሱ ከሙዚቃ ጥፋት ሁሉ እንደዚህ የሚጠላው አልነበረም። ግን ከተናገረ ጉድ ይፈላል፤ ምክንያቱም እሱ ራሱ፣ ይህን ሚስቱ እንኳ አታውቅም፣ ጉባኤው ሲዘምር ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የሰው ድምፅ ሲያበጥር የኖረ ሰው የራሱን ለማን ደፍሮ ያሰማል?

«አንዱን ብቻ» አለ ለመነሣት እየተንደፋደፈ። «‹በሩን ከፍቼ›ን ብቻ በድምፅዎ። ጸጥታውም ይመለስ። እባክዎ፣ እማማ።»

አማቱ ቀሚሱን ገልብጠው መተኮስ ቀጠሉ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ዘማሪዎቹ በሙሉ መጥተዋል፤ ወንፊት በአማቱ ምን እንደሚጽፍ ለማየት ያልጓጓ አልነበረም። ባለ አገጩ ዘማሪ ልክ ከኋላው ተቀምጧል። አማቱ ከሴቶች አጃቢዎች ፊት ቆመው የመጀመሪያዎቹን መዝሙሮች በቀረጻ፣ በከንፈራቸው ተወጧቸው። እሱ ወለሉን እያየ ቆየ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን አማቱ ወደ ድምፅ ባለሙያው ዞረው በጣታቸው «ዝጋው» አሉት።

ቀና አለ። የመጀመሪያው አዝማች በራሳቸው ድምፅ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ዘግየት እያሉም ቢሆን። ጸጥታው ደረሰ። የአጃቢዎቹ መሪ እጇን አነሣች፣ ያዘችው፣ አወረደችው። አማቱ አልገቡም። አፋቸው ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ሰው ማሳል ጀመረ። ሚስቱ ክንዱን ጨመደደችው። አማቱ ያን ቀን ካልገቡ መቼም እንደማይገቡ ገባው፤ ያ ሁሉ ጽሑፉም እንደማያድናቸው ገባው።

ከዚያ በአዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማ። ያልተቀባ የበር ማጠፊያ የመሰለ፣ ከቅኝቱ የወጣ፣ የሚንቀጠቀጥ የወንድ ድምፅ፤ «በሩን ከፍቼ...»

ወንፊት ነበር። መቼ ከመቀመጫው እንደተነሣ እሱም አያውቀውም። ላብ በላብ ሆኗል፤ ግን አንዴ አፉን ከፍቷልና ቀጠለ። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ከኋላው ዘማሪዎቹ በደስታ እርስ በርስ ይጓሸማሉ። አማቱ ማን እንደሆነ ለማየት ዐይናቸውን አጠበቡ፤ ሲያውቁት ትከሻቸው በሳቅ ተናወጠ፤ እየሳቁም ድምፁን ከላይ በድምፃቸው ሸፍነው፣ አጃቢዎቹን ሳይጠብቁ ገቡ። «...ቆሜያለሁ!» ያው ነበር። አርጅቷል፣ ሻክሯል፣ ግን ያው ራሱ ነበር። ሕዝቡ ብድግ አለ። እሱ ብቻ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ጭብጨባው ሲበርድ ባለ አገጩ ዘማሪ ትከሻውን ያዘው፤ ለስንት ዓመት የነፈገውን እጅ ዘርግቶ ጨበጠው።

«ወንድማችን» አለው፣ «ጣሪያው ላይ እንኳ አልደረሰም።»

አማቱም ከመድረክ ወርደው በሰው መሀል እየተጋፉ መጡ። ፊቱ ቆሙ፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። ጆሮውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጉት።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ዝንብ አይተህ ነው?»