አሮጊቷ ናት የያዘችን

ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሁለት እጇ ይዛ በሩን በክርኗ ልትገፋ ስትል፣ ክርኗ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ የእህቷ ልጅ በስልክ ያወራል። ድምፁ እንደወትሮው ጎላ ያለ ነው፤ ቀስ ብሎ መናገር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«አሮጊቷ ናት የያዘችን እኮ፤ ሌላ ምክንያት የለውም» ይላል። «አዲሷ ምን ጥፋት አለባት? እሷማ መሮጥ ትፈልጋለች። አሮጊቷ አትደርስባትም እንጂ። እስክትደርስ ድረስ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች… አዎ፣ በጊዜዋ ጎበዝ ነበረች፣ ማን ይክዳል። አሁን ግን ብትነሳ ይሻላል፤ ዕድሜዋን ሠርታለች… እሺ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነይና አይተሽ ትወስኛለሽ።»

ቆማ መቅረቷ የታወቃት ሻዩ ጣቷን ሲያቃጥላት ነው። በዚህ የጥገና ቤት ውስጥ አሮጊት ሊባል የሚችል ፍጡር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ ሁለት ሻይ ይዛ ከግድግዳ ጀርባ የቆመች። እንዲህ ክው ባለች ሰዓት ደግሞ ማን ስለማን እንደሚያወራ አላጣራችም።

ቤቱን የከፈተችው እሷ ናት። በሬዲዮ ጀመረች፣ ወደ ቴሌቪዥን አለፈች፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ «ይሄም ያው ሽቦ ነው» ብላ ፈታታችው። የእህቷ ልጅ ከሰባት ዓመት በፊት አብሯት መሥራት ሲጀምር የፊት ለፊቱን ባንኮኒ ለሱ ለቀቀችለትና ከኋላ ካለው ሰማያዊ ጠረጴዛ ጋር ቀረች። ደንበኞች እትዬ ጠብታ ይሏታል። አንድ ሥራ ስትጨርስ የመጨረሻው ብሎን ላይ ከትንሽ ጠርሙስ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ታደርጋለች፤ ጥፍሯን ግን በዕድሜዋ ሙሉ ተቀብታ አታውቅም። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ቀይ ጠብታ ያለበትን ብሎን እሷን ሳይጠይቅ የሚፈታ የለም።

ባለፈው ወር ግን ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ በይዳው ነበር። የእህቷ ልጅ አየና ምንም ሳይናገር፣ እሷ የወጣች መስሎት፣ አስተካከለው። በበሩ ስንጥቅ አይታዋለች። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። በማግስቱ ዓይኗን ተመረመረች፤ ትናንት ደግሞ ቀኑን ሙሉ መነጽር ሠሪው ዘንድ ስትጠብቅ ውላ አዲሱን መነጽር ይዛ ተመለሰች። አንድ ቀን ዘወር ብትል ይሄ ሁሉ ተመክሮባት አደረ ማለት ነው።

በሩን ገፍታ ገባች።

«ይኸው ሻይህ።»

«ተባረኪ እታለም። ምነው ፊትሽ ልክ አይደለም?»

«መነጽሩ ነው።»

መጀመሪያ እልህ ያዛት። አሮጊት ማለት ምን እንደሆነ ላሳያቸው አለች። ከምሳ በፊት የማይሞላ ላፕቶፕ፣ ድምፅ የነሳው ቴሌቪዥንና አንድ ሱቅ ሙሉ ሰው ያሰለፈ የደረሰኝ ማተሚያ ጠግና ጨረሰች። በመሀል ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ካርቶን ልታወርድ በርጩማ ላይ ወጣች። የእህቷ ልጅ ስልኩን ጥሎ ሮጠ።

«ኧረ እታለም፣ ምን ነካሽ! ውረጂ፣ እኔ አወርደዋለሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን መርቃው ትወርድ ነበር። ዛሬ «ይኸው ጀመረ» አለች በሆዷ። ካርቶኑን አቅፋ፣ የዘረጋላትን እጅ ሳትይዝ ወረደች። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቃት «ዕቃ» አለችው፤ ከፍተው ቢያዩት እንደ ገና አባት ጺም የተጠላለፉ ያረጁ ገመዶች ናቸው።

ከምሳ በኋላ እልሁ አለቀ፤ ሐዘኑ ብቻ ቀረ። ቤቷን አሰበችው። ሶፋው፣ የግድግዳው ሰዓት፣ በየሰዓቱ እየደወለች «ምን እየሠራሽ ነው?» የምትል እህቷ። ምን ብላ ልትመልስ ነው? አስወጥተዋት ከምትወጣ ራሷ ብትወጣ እንደሚሻል ወሰነች። የመሣሪያ ሣጥኗን ከጠረጴዛው ሥር ሳበችና ወረንጦዎቿን፣ ማጉያ መነጽሯን፣ እጀታው በእጇ ቅርጽ የተበላውን መፍቻ አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለለች አስገባች። የቀዩን ቀለም ጠርሙስ መጨረሻ ላይ ከተተችው። ይሄን ሁሉ ስታደርግ አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ውሃ ካቀረረም መነጽሩ ነው።

የቀራት አንድ ነገር ነበር። ወንበሩን ለማን እንደምትለቅ ማየትና በወጉ ማስረከብ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የእህቷ ልጅ ገመድ ሊዋስ ጎረቤት ሱቅ ሄደ። ወዲያው ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቦርሳ በጀርባዋ ያዘለች፣ ፊቷ የደከመ ግን ፈገግተኛ ሴት ገባች።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዘጠኝ ሰዓት ነይ ተብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ። ነይ ግቢ፣ ወደ ኋላ እለፊ።»

ሴትዮዋ ትንሽ ግራ ቢገባትም ገባች።

«ይሄ መሳቢያ ይጣበቃል» አለቻት እትዬ ጠብታ። «በጉልበት ከሳብሽው ይወጣና ብሎኑ ሁሉ ወለሉ ላይ ይበተናል። ትንሽ ወደ ላይ አንሺና ሳቢው። እስኪ ሞክሪው።»

«እንዲህ?»

«እሰይ! እጅሽ ጥሩ ነው። ልጁም ደህና ልጅ ነው፤ ብቻ ጠዋት ሻይ ሳይጠጣ አታናግሪው። ይሄ ወንበር አንድ እግሩ ያነክሳል። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አድርጌበታለሁ፤ ቆሻሻ መስሎሽ አንስተሽ እንዳትጥይው። አደራ።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አወረደችና ፊቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ምሳ በልተዋል?» አለቻት።

«ምሳ?»

«ውሃስ ጠጥተዋል? ነርስ ነኝ፣ አይስጉ። እኔ እንኳ የመጣሁት ኮምፒዩተሬን ለማየት ነው።»

የእህቷ ልጅ ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የገባው በዚህ ሰዓት ነው። «ተዋወቃችሁ? ጥሩ! እታለም፣ እሷ የአሮጊቷ ባለቤት ናት።»

«የማን?»

«የአሮጊቷ!» ባንኮኒው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ነገር ጨርቁን ገለጠው። ጎኑ የተከፈተ ኮምፒዩተር ነው። «ፕሮሰሰሯ፣ የኮምፒዩተሩ አንጎል። ትናንት አንቺ ሳትኖሪ ነው ያመጣችው።»

«ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ» አለች ነርሷ አፈር እያለች። «ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሥራ ስወጣ የመኪና ውድድር ጌም ካልተጫወትኩ ሰው አልሆንም። ባለፈው ሳምንት ምስሉን የሚያወጣ ምርጥ የተባለ ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ፤ እሷን ደግሞ አዲሷ አልናት። ግን መኪናው ያው እየተንቀጠቀጠ ነው የሚሄደው። የአሮጊቷ ጥፋት ነው ብሎኛል።»

እትዬ ጠብታ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ መነጽሯ በእንባ እስኪጨልም ሳቀች። ሁለቱ ምን እንዳሳቃት ባያውቁም አብረው ሳቁ። ነርሷ ግን በሳቋ መሀል ወንበሩን፣ መሳቢያውንና የባዶውን ጠረጴዛ ገጽ ተራ በተራ አየች፤ ሳቋም ቀስ ብሎ ቆመ።

«እስኪ ልያት ይቺን አሮጊት» አለች እትዬ ጠብታ መነጽሯን እየወለወለች።

አዲሷ እንደ ጡብ ወፍራም፣ ባለ ሦስት ማራገቢያ ናት። ከበላይዋ አሮጊቷ በማቀዝቀዣው ብረት ሥር ተደብቃለች። ብረቱን የያዘው ብሎን ላይ የደበዘዘ ቀይ ጠብታ አለ። የእትዬ ጠብታ የራሷ እጅ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የእህቷ ልጅ ገና ሳይመጣ፣ ለአንድ ሰው የገጣጠመችው ነው።

«ታላቅ ወንድሜ ነው ያወረሰኝ» አለች ነርሷ።

«ይሄን ብሎን ነክተኸዋል?»

«አንቺን ሳልጠይቅ?» አለ የእህቷ ልጅ፣ እንደመቀየም ብሎ። «እስክትመጪ ብዬ እኮ ነው ለዛሬ ያልኳት።»

ጌሙን አስነሱት። መኪናው ሁለት ርምጃ ሄዶ ያደናቅፈዋል። የእህቷ ልጅ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በኩራት አሳያት፤ አሮጊቷ ያላትን ሁሉ አውጥታ መቶ በመቶ እየሠራች ነው፤ አዲሷ አርባ አምስት በመቶ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ይኸው እንግዲህ። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።»

«ሙቀቷስ?»

«ዘጠና ስምንት። ያው ስለተጨናነቀች ነው።»

እትዬ ጠብታ ጣቷን አስገብታ የማቀዝቀዣውን ብረት ነካችው፤ ቆየችበትም። «ና፣ ንካው።»

ነካው። «ቀዝቃዛ ነው» አለ።

«እሷ እየነደደች ብረቱ ለምን ይቀዘቅዛል?»

የእህቷ ልጅ ብረቱን እንደገና ነካው። ፊቱ ቀስ እያለ በራ። «ቅባቱ! በሷና በብረቱ መሀል ያለው ቅባት ደርቋል። ሙቀቷ መውጫ አጥቶ ነው። ስለዚህ እንዳትቃጠል ራሷ ፍጥነቷን እየቀነሰች…»

«አየህ፣ አንተም ታውቀዋለህ።»

የራሷን ጠብታ በራሷ እጅ ፈታችው። ብረቱ ሲነሳ ቅባቱ እንደ አሮጌ ግድግዳ ልስን ተፈርፍሮ ወረደ። ነርሷ ማንም ሳይጠይቃት ጥጥ አልኮል ነክራ አቀበለች፤ እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ ቀዶ ጥገና ክፍል ያለች ይመስላል። አዲስ ቅባት፣ የአተር ፍሬ የምታህል፣ መሀሉ ላይ። ብረቱ ተመለሰ፣ ኮምፒዩተሩ ተነሳ።

መኪናው ሄደ። መንገዱ ሳይቆራረጥ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፤ ነርሷ ተነስታ ቆማ «እንዴ! እንዴ!» ትላለች። አሮጊቷ ስልሳ ስድስት ዲግሪ ላይ ናት። አዲሷ ሰባ በመቶ ደርሳለች።

«አሁንም ትንሽ ትይዛታለች» አለ የእህቷ ልጅ፣ እውነቱን ላለመሸፋፈን።

«ትይዛታለች። ዘጠኝ ዓመት ቀላል ነው እንዴ? የምስሉን ጥራት ከፍ አድርግላት እስኪ። እሱ የአዲሷ ሥራ ነው፤ ሥራ ፈትታ ከምትጠብቅ ከባዱን ትሸከም።»

ከፍ አደረገው። ዛፎቹ ቅጠል አወጡ፣ አስፋልቱ ላይ የዝናብ ውሃ አብለጨለጨ፤ አዲሷ ዘጠና አራት ገባች፤ የመኪናው ፍጥነት ግን ንቅንቅ አላለም።

«አሮጊቷን ብናነሳትስ?» አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«የምትቀመጥበት ማዘርቦርድም አብሮ ይነሳል» አለ እሱ። «አዲስ ፕሮሰሰር እዚህ ላይ አይገጥምም።»

«እንግዲያው ትቆይልኝ። እስከ መቼ ትቆያለች እትዬ?»

«እሱን እኔም አላውቀው» አለችና እንደገና ሳቀች። «ጠብታዬን አምጡልኝ፣ ልዝጋው።»

የቀለሙ ጠርሙስ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ቦታ የለም። የእህቷ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ፈለገ፣ መሳቢያው ውስጥ ፈለገ፣ ጎንበስ አለ። እትዬ ጠብታ የት እንዳለ ትዝ ያላት ያኔ ነው፤ ግን ዘግይታለች። እሱ ሣጥኑን ከፍቶ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉትን መሣሪያዎች እያየ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ቀረ።

«እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ጠዋት በስልክ ስታወራ ሰማሁህ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሮጊቷ ብትነሳ ይሻላል ስትል።»

ከንፈሩ ለሳቅ ተከፈተና መሀል ላይ ተወው። «እና ቀኑን ሙሉ ይሄን በሆድሽ ይዘሽ ዋልሽ? እኔ አንቺን?»

«ባለፈው ወር ሽቦውን ስታስተካክል አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ!» ብሎ ጮኸ። ነርሷ እንኳ ደነገጠች። «መጀመሪያ ዓመት የበየድኩትን ሁሉ እኔ ስወጣ ቁጭ ብሎ ማን ያስተካክለው ነበር? የማላውቅ መስሎሻል? አንድ ቀን ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልነገረችውም። የሚያውቅም አልመሰላትም ነበር። መነጽሯን አወለቀች፣ እንደገና አደረገችው።

የእህቷ ልጅ ጠርሙሱን ከሣጥኑ አወጣ። የአሮጊቷ ብሎን ላይ አንድ ጠብ አደረገ። ከዚያ ዞረና ወንበሯ ሥር ተንበርክኮ በአራቱም እግሮች ብሎን ላይ፣ እጁ እስኪቀላ ድረስ፣ ጠብ ጠብ አደረገበት። «ሕጉን ታውቂዋለሽ» አለ ከሥር ሆኖ። በዚያው «ይሄ ደግሞ የምን ቆሻሻ ነው?» ብሎ ከአንካሳው እግር ሥር የታጠፈውን ካርቶን ሳበ።

«እንዳትጥለው!» አሉ እትዬ ጠብታና ነርሷ እኩል።

ደንግጦ ቶሎ መለሰው። ነርሷ መሳቢያውን ትንሽ ወደ ላይ አንስታ ሳበችውና ወረንጦዎቹን ከጨርቁ እየፈታች መደርደር ጀመረች። እትዬ ጠብታ ልትቀመጥ ወደ ወንበሩ ስትጠጋ የእህቷ ልጅ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ እታለም፣ ይድረቅ።»

እሺ ብላ ጠረጴዛዋን ተደግፋ ቆመች፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ጠበቀች።