ሁለት ግማሽ ሰው

በሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት፣ ከወገዳ በታች ባለ አንድ ቀበሌ የምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ሲጀመር፣ ከላይ የመጣው መመሪያ አጭር ነበር። እርከን የሚሠራ ሰው ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ ስንዴ ያገኛል፤ ዕድሜው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆነ ግን ግማሹን። መመሪያውን ያወጡት ሰዎች ከተማ ተቀምጠው ነውና የገበሬን ዕድሜ መጠየቅ ምን ያህል ከንቱ ድካም እንደሆነ አልገባቸውም። በዚያ አገር ሰው የተወለደበትን ዕለት የሚያውቅለት የክርስትና አባቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ታቦቱን እንጂ ዓመተ ምህረቱን አያስታውስም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዳኘው ታዲያ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ዘዴ ፈጠረ። የጽድ በትር አስቆርጦ በገዛ ብብቱ ትይዩ በቢላዋ ምልክት አደረገበት። አናቱ ምልክቱን ያለፈ ሙሉ፣ ያላለፈ ግማሽ። ዳኘው በየሰው በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ነበር። ሊቀመንበርነቱንም ያገኘው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በቁመቱ ነው። በምርጫው ዕለት የመጣው ካድሬ ከሕዝቡ መካከል ብቅ ያለውን ራስ አየና "ጓድ፣ አንተ ወዲህ ና" አለው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበር ነው።

ሞላልኝ ከበትሩ ሥር ሲቆም ሁለት ጣት አነሰ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሞላልኝ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ጺሙ መሸበት ጀምሯል።

"ዳኘው፣ ቀልዱን ተው እንጅ" አለ።

"እኔ ምን ላርግህ? በትሩ ነው ያለ።"

ጸሐፊው ተሻገርም ከስሙ ፊት ለፊት "ግማሽ" ብሎ ጻፈበት።

ለሞላልኝ ነገሩ አዲስ አልነበረም። ድሮም ለአጨዳ ሲቀጠር ባለእርሻው ከላይ እስከ ታች ይገረምመውና ዋጋውን ከሌላው ዝቅ ያደርግ ነበር። ሲመሽ የከመረውን ነዶ አይቶ ዋጋውን ከፍ ያደረገለት ሰው ግን አንድም አልገጠመውም። እርከኑ ላይም እንደዚያው ሆነ። በቀበሌው ውስጥ ድንጋይ መካብ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ረጃጅሞቹ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እሱ እምብዛም ሳይጎነበስ ድንጋዩን ከድንጋዩ እያጋጠመ፣ ስንጥቁን በጠጠር እየጠቀጠቀ ይክባል፤ የሱ ካብ ዝናብ ሲመጣ አይናድም። የሌላው የተናደ እንደሆነም "ሞላልኝን ጥሩት" ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንዴው ሲመዘን ግን ከከብት ጠባቂዎቹ ጋር ተሰልፎ የአምስት ቀኑን ሰባት ኪሎ ተኩል ይዞ ይገባል። ያናድደዋል። እንዴት አያናድደው!

ልጁ ዓለምዬ ደግሞ የእናቷን የአመለወርቅን ቁመት የወረሰች መለሎ ናት። በመለኪያው ቀን አባቷን ተከትላ ከበትሩ ሥር ብትቆም ምልክቱን በአራት ጣት አለፈችው። ተሻገር "ሙሉ" ብሎ ጻፋት። ሞላልኝ ልጁ አሥራ አምስት ዓመት እንዳልሞላት ያውቃል፤ ግን ዝም አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አምስት አፍ ላለበት ቤት፣ ያውም ያ ሁሉ ረሃብ ባለፈ ማግስት፣ የስንዴውን ጭማሪ "አይገባንም" ብሎ የሚመልስ ጻድቅ ካለ እሱ ይፍረድበት። ዓለምዬም ከአዋቂዎቹ ሰልፍ ቆማ አሥራ አምስት ኪሎዋን ስትቀበል አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። ቤት ገብታ ታናናሾቿን "ዝም በሉ፣ የምትበሉት የኔን ነው" እያለች ታስፈራራቸዋለች።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓለምዬ ውኃ ልትቀዳ በወረደችበት ሰዓት፣ ቄስ ገብረ ሚካኤልና አያ ይርጋ ኩታቸውን አጣፍተው ከሞላልኝ ደጅ ቆሙ። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢላቸው እምቢ አሉ። ሽማግሌ አልቀመጥም ካለ ምን ይዞ እንደመጣ ሕፃንም ያውቀዋል።

"ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነ" አሉ ቄሱ። "ዓለምዬን ለዳኘው ልጅ፣ ለአስማረ።"

"አባቴ፣ እርስዎም ያውቋታል፤ ዓለምዬ እኮ ገና ልጅ ናት" አለ ሞላልኝ ደንግጦ። "በመንግሥት ሕግስ ቢሆን ከአሥራ አምስት በታች መዳር ክልክል አይደለም?"

አያ ይርጋ ፈገግ አሉ። "መዝገቡ ሙሉ ሰው ናት ይላላ! ሙሉ ተብላ ስንዴ ስትቀበል ዝም ብለህ፣ ባል ሲመጣ ልጅ ናት ትላለህ?"

ሞላልኝ ይረዱት እንደሆን ብሎ ቄሱን አየ።

"ደሞ" አሉ አያ ይርጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዳኘው አማቹን ግማሽ ሰው አርጎ አያኖርም። የፊታችን ቅዳሜ ስምህ ወደ ሙሉ ይዛወራል። እሱን ለኔ ተወው።"

ሞላልኝ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጡኝ ብሎ ሸኛቸው።

ያን ሳምንት ልቡ ሥራው ላይ አልነበረም። መቼም አይዋሽም፣ ሙሉ መባሉ አጓጉቶታል። አርባ አምስት ዓመት በምድር ላይ ሲኖር ማንም ሙሉ ብሎት አያውቅም። የሚከበው ድንጋይ ሁሉ ሙሉ፣ ሙሉ ይለዋል። አመለወርቅም አልረዳችውም፤ ጠዋት "የዳኘው ጎተራ አይጎድልም፣ እዚያ ብትገባ አትራብም" ትላለች፤ ማታ ደግሞ የልጅቷን ፀጉር እየሠራች ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

እሱ ግን ሲያስብ የሰነበተው እህቱን ደጊቱን ነው። ደጊቱም ቁመቷ ዕድሜዋን ጥሎት የሄደ ልጅ ነበረች። አድጋለች ተብላ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተዳረች፤ በአሥራ ሦስት ዓመቷ በምጥ ሞተች። በቀብሯ ቀን ሞላልኝ ቃሬዛውን ልሸከም ብሎ ትከሻውን ቢያስገባ በሱ በኩል አዘነበለ። "ውጣ አንተ፣ ታስጥለናለህ!" ብለው አስወጡት። የእህቱን ሬሳ ሳይሸከም ከኋላ ከኋላ እያለቀሰ ተከተለ። ይህን ለአመለወርቅ እንኳ አውርቶላት አያውቅም።

ቅዳሜ ሕዝቡ ሚዛኑን ከቦ ሳለ ሞላልኝ ሰልፉን ትቶ ወደ ፊት ወጣ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አቤቱታ አለኝ።"

"የበትሩን ነገር ከሆነ ዛሬ እናስተካክለዋለን" አለ ዳኘው ፊቱ በርቶ። አማቹ ሊሆን ነዋ!

"የኔን አይደለም፣ የዓለምዬን ነው። ከሙሉ ሰርዛችሁ ግማሽ አርጉልኝ። አሥራ አምስት ዓመት አልሞላትም።"

በዚያ ሚዛን ፊት ይጨመርልኝ ብሎ የሚጮህ እንጂ ይቀነስልኝ የሚል ሰው ቆሞ አያውቅም።

ዳኘው ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ፊቱ ጠቆረ። "ዕድሜዋን ማን ያውቃል? በትሩ ሙሉ ብሏታል። ምስክር አለህ?"

"አለኝ እንጅ። ዓለምዬ የተወለደች ንጉሡ በወረደ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ወሬውን ይዛልን የመጣች አዋላጇ ናት። ባለፈው መስከረም እዚሁ ሜዳ ላይ ሰብስባችሁን፣ አብዮቱ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው ብላችሁ መፈክር አላስጮኻችሁንም? ልጂቱ አሥራ አምስት ከሞላት አብዮቱም ሞልቶታል ማለት ነው። የተሳሳታችሁ በየትኛው ነው?"

መሳቅ ያማረው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ተሻገር ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ ሊቀመንበሩን አየ። ዳኘው ግራ ቀኙን ቃኘ። አብዮቱን በአራት ዓመት ያስረጀ ሊቀመንበር ተብሎ ወረዳ ድረስ ስሙ እንዲነሳ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

"ጻፍ" አለ በመጨረሻ። "ግማሽ ብለህ ጻፍ። ዕድሜዋንም ጻፍ።"

ጋብቻውም በዚያው አበቃ። በማኅበሩ መዝገብ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው ተብላ የተጻፈችን ልጅ ሊቀመንበሩ ለልጁ ቢድር መጀመሪያ የሚጠየቀው ራሱ ነው።

"አንተስ?" አለ ዳኘው ከንፈሩን ነክሶ። "አንተ የተወለድህበት አብዮት የለም?"

"እኔ ጣሊያን በወጣ ዓመት ነው የተወለድሁት።"

"እሱን ያየ ምስክር አምጣ።"

ሞላልኝ ዞሮ አያ ይርጋን አያቸው። አያ ይርጋ የሱን ክርስትና የበሉ ናቸው። ያን ሰዓት ግን መሬት መሬቱን ያያሉ።

"የለም? እንግዲያ በትሩ እንዳለው ነው። ሂድ፣ ከግማሾቹ ተሰለፍ።"

ሄዶ ተሰለፈ። ዓለምዬንም ከሙሉዎቹ መካከል አውጥተው ከኋላው አቆሟት። ለአባት ሰባት ኪሎ ተኩል፣ ለልጅ ሰባት ኪሎ ተኩል ተመዘነና ባንድ ጆንያ ገባ። ከኋላ አንዱ "ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ሰው ይወጣዋል" አለ፤ ያ ታፍኖ የቆየ ሳቅ አሁን ፈነዳ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዓለምዬ መንገዱ መካከል ቆመች። እንባዋ ይወርዳል። ስለ ሽማግሌዎቹ የነገራት ሰው የለም።

"አባዬ፣ ምን አጠፋሁ? እኩል ስሠራ አልነበረም?"

"ሠርተሻል፣ ልጄ።"

"አንተ ስላነስህ ነው" አለች። "እኔ ሙሉ ስባል ቀናህ። ለዚያ ነው ያሳነስኸኝ።"

ሞላልኝ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ልንገርሽ ካለ ግን ባል የሚለውን ቃል ማንሳቱ ነው፤ ያን ቃል ገና እንድትሰማው አልፈለገም። ጆንያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ መንገዱን ቀጠለ። ከበትሩ ሥር ቆሞ አገር የሳቀበት ቀን እንኳ እንዲህ አላመመውም።

ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ የጎረቤት ልጃገረዶች ከዋርካው ጥላ ሥር ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። ዓለምዬ ዓይኗን በቀሚሷ ጠርጋ ቆማ አየቻቸው። "እኔም ልግባ" አለች። አምስቱን ጠጠር ተቀብላ ቁጢጥ ስትል ያ ሁሉ ቁመቷ ታጠፈና ከሌሎቹ እኩል ሆነች። ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ ቀለበች፤ ሁለተኛው አመለጣትና "አይቆጠርም! አይቆጠርም!" ብላ ጮኸች።

ሞላልኝ ጆንያውን አውርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ቤት ውስጥ አንድ እፍኝ ዱቄት የለም፤ አመለወርቅ ስንዴውን እየጠበቀች ነው። ቢሆንም አልጠራትም። ጨዋታዋን እስክትጨርስ ጠበቃት።