ካንዴላ የሌለው ሞተር

«እማዬ፣ ይሄ ሞተር ካንዴላ የለውም። እሳቱን ከየት የሚያመጣ ይመስልሻል?»

እናት ወደ ድምፁ ዞረች። ልጇ የሰማያዊውን የጭነት መኪና ጋቢና ወደ ፊት ደፍታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ሞተሩ ላይ አጎንብሳለች። እናት ሻርፗን ጠቅልላ፣ ቅባት የጠጣውን መሬት እየዘለለች ቀረብ አለችና አየች። ቱቦ፣ ብሎን፣ የጠቆረ ብረት። እሳት የሚመስል ነገር የለም።

«መጀመሪያ ካንዴላ ምንድን ነው?»

«የቤንዚን መኪና መለኮሻ ነዋ። ክብሪቱ በይው። ጋሼ ታክሲው አልነሳ ሲለው እየፈታ በሸሚዙ የሚጠርጋት ነገር።»

«እና ይሄኛው ክብሪት የለውም?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ይቀጣጠላል?»

«አስቢበት» አለችና ልጅቷ ጋቢናውን መልሳ ከደነችው።

እናቷን አሳምራ ታውቃታለች። እናት ድስት ሲንተከተክ ክዳኑን የምትከፍተው ለመቅመስ ሳይሆን ክዳኑን የሚያዘልለው ምን እንደሆነ ለማየት ነው። ክርክር አይረታትም፤ የተከራከራትን ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ታልፋለች። ጥያቄ ግን እንደ እሾህ እግሯ ውስጥ ይገባና እያስነከሰ ይወስዳታል።

ወደ መኪና መሸጫው የመጡት የጭነት መኪና ሊገዙ ነው። እናት ባሏ ከሞተ ወዲህ የብሎኬት ማምረቻውን ብቻዋን ይዛዋለች። ብሎኬቷን የሚነቅፍ የለም፤ የጎደላት ማመላለሻ ነው። የኪራይ መኪና ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሳይለው ስልኩን ይዘጋል። ግድግዳው ተጀምሮ የቆመበት ሰው ደግሞ አይጠብቅም፤ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ማምረቻ መዞር ጀምረዋል። ያጠራቀመችው የሚበቃው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ከተሳሳተች ሁለተኛ መግዣ የለም፤ የግቢው በር ይዘጋል።

ለአቅሟ የሚሆኑ ሁለት መኪኖች ቆመዋል። አንዱ ነጭ፣ አነስ ያለ፣ በቤንዚን የሚሄድ። ሌላው ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ናፍጣ የሚጠጣ።

«እትዬ፣ ነገሩን አታወሳስቢው» አላት ልጅቷ ጋሼ የምትለው ታናሽ ወንድሟ። ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ በቅርቡ ወገቡን አሞት ያቆመ ሰው ነው። «ነጩን ውሰጂ። ቁልፉን ነካ ስታደርጊው ይነሳል፤ ድምፁ የሙሽራ ነው። ይሄ ሰማያዊ እንደሆነ እንደ አሮጌ ወፍጮ ሰፈር ይቀሰቅሳል።»

«ሰፈሩ በብሎኬት ማሽን ነው የሚነቃው ጋሼ። ለምዶታል» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ደግሞ ጥልቅ አትበይ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

«እኔ ያቦካሁት ሲሚንቶ ነው። ለእራት አላቀረብኩትም።»

ሁለቱን መኪኖች የሚያሻሽጠው ደላላ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። እናት አልሳቀችም። ልቧ ወደ ነጩ ያደላል፤ ለምን እንደሚያደላ ግን ለማንም አልተነፈሰችም። ልጇ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ትንሽ ብትዘገይ በር ላይ ቆማ መንገድ የምታይ ሴት ናት። ልጅቷ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሰሞን ምግብ ላይ ተቀምጣ እንኳ ግራ እግሯ ወለሉን ይረግጥ፣ ቀኝ እጇ አየር ላይ ይቀያይር ስለነበር የግቢው ሠራተኞች ‹ማርሽ› ብለው ሰይመዋታል። እነሱ ሲስቁ እናት አብራ ትስቅ ነበር። ውስጥ ውስጡን ግን ያ እግር የሚረግጠው ወለሉን ሳይሆን ሩቅ መንገድን እንደሆነ ገብቷታል።

«እኔ ብዙ አልናገርም» አለች ማርሽ። «ሁለቱንም የራሳችንን ብሎኬት ጭነን ከግቢያችን በላይ ያለውን ዳገት እናውጣቸው። ዳገቱ ይፍረድ።»

ደላላው ወደ እናት ዞረ። «እርስዎ ካሉ ምን ገዶኝ፣ እናቴ። መኪናም እንደ ሰው ነው፤ ሳይሸከም አመሉ አይታወቅም።»

ሁለቱም መኪኖች ወደ ብሎኬት ግቢው ተነዱና መጀመሪያ ነጩ ተጫነ። እናት ከኋለኛው ረድፍ አስነሳች፤ በደንብ ውሃ ጠጥቶ የጠነከረ፣ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ብሎኬት ነው። ማርሽ መሪውን ያዘች፣ አጎቷ ጎኗ ተቀመጠ፣ ወጡ። እናት ግቢው ውስጥ ቆማ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ተከተለችው። ሲጀምር እንደ ዝንብ ነበር፤ ቆይቶ እንደሚያለቅስ ሕፃን ሆነ።

በዚህ መሃል አንድ ሠራተኛ የእጅ ጋሪውን ጎማ ሲነፋ ቆይቶ መንፊያውን መሬት ላይ ጣለው። እናት ከመንገድ ላይ ልታነሳው ጎንበስ ብላ ታችኛውን ጫፍ ያዘችና እጇን መንጭቃ መለሰች። ያቃጥላል።

«ፀሐይ ላይ አስቀምጠኸው ነበር?»

«የለም፣ አሁን ነው ከቤት ያወጣሁት» አለ ሠራተኛው።

እናት ዙሪያዋን አየች። ሰው ሁሉ በሥራው ላይ ነው። መንፊያውን ውሃ በርሜሉ ውስጥ ነክራ አቀዘቀዘችው፣ በሻርፗ ጠረገችው። ከዚያ የቱቦውን አፍ በአውራ ጣቷ ደፍና እጀታውን ደጋግማ ወደ ታች ገፋችው። አየሩ መውጫ አጥቶ ይታገላታል። ጫፉን ነካችው፤ ሞቋል። እንደገና ገፋች፣ አሁንም፣ አሁንም። ግሏል። ማንም ክብሪት አልጫረም። ባዶ አየር ነው፤ ስለታፈነ ብቻ ነው እንዲህ የተቆጣው። እናት መንፊያውን እንደያዘች በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠችና ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ነጩ ሲመለስ ከአፍንጫው እንፋሎት ይወጣ ነበር።

«ወጣ ወይስ አልወጣም?» አለ ወንድሟ እየወረደ።

«ወጥቷል» አለች ማርሽ። «ግን ከላይ እስኪደርስ ሲለምነኝ ነበር።» ባልዲ ይዛ ራዲያተሩን ልታጠጣ ሄደች።

የሰማያዊው ተራ ደረሰ። ሠራተኞቹ «ከየትኛው ረድፍ?» ብለው ጠየቁ። የእናት እጅ ተነሳና ወደ በሩ ቅርብ፣ ወደ ፊተኛው ረድፍ ጠቆመ።

«ይሄ ገና እርጥብ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ።

«ጫኑ ብያለሁ።»

ጫኑ። እናት ቃሏን አላነሳችም። ልጇ ጎን ጋቢና ውስጥ ገባች። ወንድሟና ደላላው በባዶው ነጭ መኪና ተከተሏቸው።

ሰማያዊው ሲነሳ ንዝረቱ መጀመሪያ ጥርሷን፣ ቀጥሎ ሆዷን ያዘው። ዳገቱ ሲጀምር እናት የበሩን እጀታ ጨበጠች፤ መኪናው ግን አልጮኸም፣ አልለመነም። ከባድ ሰው ደረጃ እንደሚወጣ ዝግ ብሎ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰማ ወጣ። ማርሽ ማርሹን የቀየረችው አንዴ ብቻ ነው። እናት ከመስኮቱ ውጭ አየች። ሁልጊዜ ከታች ሆና ቀና ብላ የምታየው የሰፈሩ የውሃ ጋን አሁን ከእግሯ ሥር ነው።

ጫፍ ላይ ቆመው የጎን መዝጊያውን ሲከፍቱት የፈረሰ ብሎኬት እንደ አሸዋ ፈሰሰ።

«አላልኩሽም?» አለ ወንድሟ ወገቡን ይዞ። «ይሄ መኪና ሳይሆን ወንፊት ነው። አንቀጥቅጦ ዱቄት አደረገልሽ። ደንበኛሽ ጋ ስትደርሺ በስኒ ልትሰፍሪለት ነው?»

ማርሽ አንድ ስባሪ አነሳች። በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው ተፈረፈረ። ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ስባሪውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያም መልሳ አስቀመጠችው።

«ይሆናል፣ ጋሼ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እናትን አንጀቷን የበላት ይህ ዝምታ ነው። ልጅቷ በአንድ ቃል ልትረታ ስትችል ዋጥ አደረገችው።

እናትና ልጅ በሰማያዊው ቁልቁለቱን መውረድ ጀመሩ።

«ከፊተኛው ረድፍ ነው ያስጫንሽው» አለች ማርሽ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

«እጄ ነው የጠቆመው።»

«እጅሽ ምን ፈርቶ?»

እናት ሻርፗን ፈታችና እንደገና አሰረችው። «ነጩ ከከተማ አይወጣም» አለች። «ማለዳ ወጥተሽ ማታ ትመጫለሽ። ይሄ ግን ሥራ ተገኘ ተብሎ የት ድረስ እንደሚወስድሽ በምን አውቃለሁ?»

«ጠጠር ፍለጋ ከተራራው ማዶ ድረስ ነዋ። የቅርቡ ጠጠር አልቆ አፈር እየጫኑልን ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? በዚያ ጠጠር እስከ መቼ ደህና ብሎኬት እናወጣለን?»

«ከተራራው ማዶ ምን እንዳለ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች ልጅቷ።

እናት ዞር ብላ አየቻት። ልጅቷ አለማወቋን እንደ ጣፋጭ ነገር አፏ ውስጥ ይዛ ታገላብጠዋለች። ይህን ፊት የት እንደምታውቀው ለማስታወስ ብዙ አልደከመችም፤ የራሷ ነው።

«በመጭመቅ ነው አይደል?» አለች ድንገት።

«ምኑ?»

«እሳቱ። አየሩን አፍኖ ይጨምቀዋል፤ አየሩ ይግላል። ናፍጣውን ሲረጭበት ያን ጊዜ በራሱ ይቀጣጠላል። ክብሪት ምን ያደርግለታል።»

ማርሽ መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመችው። «ማን ነገረሽ?»

«ጣቴ» አለች እናት፤ የቀላውን ጣቷን አሳየቻት። «የጎማ መንፊያው ፈጀኝ።»

ልጅቷ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እናትም ሳቀች፤ የመኪናው ንዝረት ሳቋን እየቆራረጠ ስላወጣው ደግሞ በዚያ ሳቁ።

ግቢ ሲደርሱ እናት ቀድማ ወረደችና ሰው ሁሉ በሚሰማበት ቆመች።

«ብሎኬቱን መኪናው አይደለም የፈጀው። ያልጠነከረውን ያስጫንኩት እኔ ነኝ።»

«አውቀሽ?» አለ ወንድሟ።

«እንዳልገዛው ብዬ።»

ደላላው ራሱን ነቀነቀ። «መኪና ላለመግዛት ሻጭን የሚያማ ገዢ ብዙ አይቻለሁ። የራሱን ዕቃ የሚሰብር ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት፣ እናቴ።»

«እንግዲህ አየህ» አለች እናት። «በሉ፣ ከኋለኛው ረድፍ ጫኑ። እንደገና ይውጣ።»

እንደገና ወጣ። የጎን መዝጊያው ሲከፈት አንድም ብሎኬት ጠርዙ አልተነካም። ወንድሟ እየዞረ አየ፣ አንዱን አንስቶ አንኳኳ፣ «በዚህም ቢሆን ድምፁ የወፍጮ ነው» አለና ክርክሩን በዚያው ተወው። እናት ለደላላው «ሰማያዊውን» አለችው።

መኪናው በስሟ ዞሮ ለመጀመሪያው የሩቅ ጉዞ በተዘጋጀበት ማለዳ ማርሽ ጎማዎቹን በእግሯ እየረገጠች ስትፈትሽ፣ አጎቷ ከሰፈር ረዳት እንደሚፈልግላት እየነገራት ነበር። እናት ከቤት ወጣች። ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፣ የውሃ ኮዳ አንግታለች።

«ረዳቱ ተገኝቷል» አለች።

ማርሽ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እማዬ፣ ረዳት እኮ ጎማ ያወርዳል።»

«እኔ ብሎኬት ሳወርድ አይደል እንዴ ያረጀሁት?»

«ረዳት ‹ቀስ በይ፣ ቀስ በይ› እያለ ሹፌር አያስጨንቅም።»

«እሺ።»

«ፍሬን ስይዝ አብሮኝ እግሩን አይረግጥም።»

«እሞክራለሁ» አለች እናት። «መጠየቅስ? ረዳት መጠየቅ ይከለከላል?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። «እሱ አይከለከልም። ግቢ።»

«እትዬ፣ ቁም ነገርሽን ነው?» አለ ወንድሟ። «ጠዋትና ማታ ውሃ የሚጠጣ ስንት ብሎኬት አለ። ግቢውን ለማን ጥለሽ ነው የምትሄጂው?»

«ላንተ» አለችው። የግቢውን ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችውና የጋቢናውን ደረጃ ይዛ ወጣች። በሩን ከውስጥ ራሷ ሳበችው።

ፀሐይ ከተራራው አናት ብቅ ስትል ወንድሟ ግቢው ውስጥ ቀረ። እናትና ልጅ ሄዱ።