ነቢዩ ያዘዘው በግ

ጌታዬ ግሉኮን የተጠመቀ ቀን እኔም ተጠምቄአለሁ። ማን ጠየቀኝ? የቤቱ ጌታ ካመነ ቤቱ በሙሉ አመነ ማለት ነው፤ እኔ አብሳይዋ፣ ሱፍ በቀለም ነካሪዎቹ፣ በር ጠባቂው፣ ሁላችንም ተሰልፈን ወንዝ ውስጥ ተነከርን። ውሻው የተረፈው ሮጦ ስላመለጠ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አንቺ አሚያ!" መባሌ ቀረና "እህቴ አሚያ" ሆንኩ። "እህቴ አሚያ፣ እግሬን እጠቢኝ። እህቴ አሚያ፣ ይሄ ሾርባ ጨው የለውም፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?" እንዲህ ያለውን ዝምድና ለጠላቴም አይስጠው!

መቼ ነው ነፃ የምታወጣኝ ስለው ዓይኑን ወደ ጣራው ይሰቅላል። "እኔማ ዛሬውኑ ብለቅሽ ደስ ባለኝ፤ ግን በራሴ ፈቃድ ምን ላድርግ? ጌታ በነቢይ አፍ ይናገረኝና" ይለኛል። ጌታ ደግሞ የግሉኮንን ወጥ ቤት ባዶ ለማስቀረት አልቸኮለም መሰለኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ዝም።

በዚያ ሰሞን የኢያራ ከተማ በነቢይ ተጥለቅልቃ ነበር። አንዱ ወደ ሎዶቅያ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሁሉም አቧራ የጠገበ ካባ፣ ሁሉም ረዥም ጢም፣ ሁሉም ርቦት። አንዱ ዓይኑን ገልብጦ "መንፈስ የተጠበሰ ዶሮ ይምጣ ይላል" ካለ በኋላ ዶሮዋን ብቻውን ሙልጭ አድርጎ ሄደ። የጉባኤው ሽማግሌዎች በዚህ ተናደው ደንብ አወጡ። ነቢይ በመንፈስ ሆኖ ማዕድ ካዘዘ ማዕዱ የድሆች ነው፣ እሱ አይቀምስም። ከቀመሰ ሐሰተኛ ነው፤ በዚያ ቤት የተናገረውም ሁሉ ውድቅ ነው። ይሄን እቀበላለሁ፣ ያንን እጥላለሁ ብሎ ነገር የለም።

ነቢዩ ካሪኖስ የመጣው ደንቡ ከወጣ በኋላ ነው። ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰውዬ! እግሩን ሳጥብ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "አባቴ፣ መንፈስ ሲወርድብዎ እኔንም ያስቡኝ፤ ነፃነቴን ነው የምፈልገው" አልኩት።

"መጀመሪያ እጅሽን ልየው" አለኝ ይሄ ቅዱስ።

ምስር በኮምጣጤና በናና ሠርቼ አቀረብኩለት። ሳህኑን በጣቱ ሲጠርግ አይቼ ተስፋ አደረግሁ።

በጌታ ቀን ጉባኤው በጌታዬ አዳራሽ እንደተሰበሰበ ካሪኖስ ብድግ አለ። ተንቀጠቀጠ፣ አጓራ። "ግሉኮን የዚህ ጉባኤ ኤጲስ ቆጶስ ይሁን!" የጌታዬ ፊት በራ። "አብሳይዋ አሚያ ነፃ ትውጣ!" የጌታዬ ፊት ጠቆረ። "ለድሆች የሰባ በግ ይታረድ! በማር ይጠበስ!" አለና ምራቁን ዋጠ።

እኔ ግን ምራቁን ሲውጥ ሳየው ልቤ ስንጥቅ አለ። በገዛ አፉ የማይበላውን በግ አዘዘ እኮ! ነፃነቴ በዚህ ሆዳም ጥርስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ጌታዬም ጭንቅ ያዘው። ሹመቱን ይፈልጋል፣ እኔን መልቀቅ አይፈልግም። "የፊተኛውን ብቻ ብንቀበልስ?" ብሎ ሽማግሌዎቹን ለመናቸው። "ወይ ሁሉንም ወይ ምንም" አሉት። ቢያወጣ ቢያወርድ ሹመቱ በለጠበት፤ በጉን አሳርዶ ሰጠኝ።

ጨው ልድፋበት ብዬ አስቤ ነበር፣ እንዳይቀምሰው። እጄ እምቢ አለኝ። የነፃነቴ ድግስ ነው ብዬ በማርና በከሙን፣ በወይራ ዘይት አድርጌ ጠበስኩት፤ ሽታው ሠፈሩን አወደው። አይ ሞኝነቴ! ዳቦ አቅርቤ ስመለስ ካሪኖስ ወጥ ቤቴ መሀል ቆሞ የበጉን ወርች በሁለት እጁ ይዞ ይግጣል።

"አንተ ጉድ! ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት። አባቴ ማለቱ ጠፋኝ።

"ሥጋዬ ነው የበላው" አለ ጉንጩን ሞልቶ፣ "መንፈሴ አልነካውም።"

ጌታዬ በዚያኛው በር ገባና ራሱን ያዘ። "ጨረስከው?"

"አጥንቱ አለ።"

እኔና ጌታዬ ተያየን። እኔ ብናገር ነፃነቴ ይቀራል፤ እሱ ቢናገር ሹመቱ ይቀራል። አንድም ቃል ሳንለዋወጥ እኔ አጥንቱን እሳት ውስጥ ወረወርኩ፣ እሱ በገዛ ልብሱ ጫፍ የነቢዩን ጢም ጠረገና በጓሮ በር ገፍቶ አስወጣው። ከተጠመቅን ወዲህ ጌታዬና እኔ አንድ ልብ የሆንነው ያን ቀን ብቻ ነው።

የጎደለውን ቦታ በጎመንና በሽንኩርት ሸፍኜ በጉን አቀረብኩ። ድሆቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው እማማ ሜልቲኔ አለች፣ ባሏ በሕይወቱ ሥጋ ሻጭ የነበረ መበለት። ጎመኑን በጣቷ ገለጥ አደረገችው።

"ይሄ በግ በሦስት እግሩ ነው እንዴ ሲሄድ የኖረው? አንዱ ወርች የታለ?"

ጌታዬ ጎመኑን ቶሎ መልሶ ሸፈነው፤ እሷ ግን አልተወችውም።

"ነቢዩስ የታለ?"

"እየጾመ ወደ ሎዶቅያ ሄደ" አለ ጌታዬ።

"ወርቹም አብሮት እየጾመ ሄደ?"

ሰው ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። አንዱ "እንግዲህ ነቢዩ ቀምሶ ከሆነ..." ብሎ መነሳት ሲጀምር ጌታዬ ደረቱን እየደቃ ጮኸ፦ "እኔ ነኝ! የድሆችን ማዕድ የበላሁት እኔ ነኝ! ኃጢአተኛ ነኝ!"

ይረግሙታል ብዬ ስጠብቅ አለቀሱለት! "ትሕትናውን እዩት!" ይላል አንዱ። "እንዲህ ያለ እረኛ ከየት ይገኛል!" ትላለች ሌላዋ። ድሃ ወርች ሰርቆ ቢበላ ኖሮ በዱላ ነበር የሚሸኙት።

እማማ ሜልቲኔ አላለቀሰችም። "አንተ ጨጓራህን ካመመህ ወዲህ ሥጋ መች ነክተህ ታውቃለህ? ያየህ ሰው አለ?"

"አሚያ አይታኛለች" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከተወለድኩ ጀምሮ በዚያ አዳራሽ የእኔን ቃል የጠበቀ ሰው የለም። ጌታዬ በከንፈሩ ብቻ "አዎ በይ" ይለኛል። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ፣ በጣም ደስ አለኝ። እጄን በጨርቅ ቀስ ብዬ አደረቅሁ።

"እመሰክራለሁ" አልኩ። "ግን የባሪያ ምስክርነት ምን ሊረባ? ነፃ ትውጣ የተባለው ገና አልተፈጸመም። እሱ ይፈጸምና በነፃ ሰው አፍ ልናገር።"

"ነገ፣ እህቴ፣ ነገ ተረጋግተን..."

"ነገ ሌላ ነገር ትዝ ይለኝ ይሆናል።"

ላቡ ጠብ አለ። "እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ" አለ። "አሚያ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ናት። ወደ ወደደችበት ትሂድ።"

"አልሰማሁም፣ ጮክ በል!" አለች እማማ ሜልቲኔ።

ጮክ ብሎ ደገመው።

ጨርቁን ማዕዱ ላይ ጣልኩት። "አዎ፣ የበላው ግሉኮን ነው" አልኩ። "በሁለት እጁ። ያውም ለእማማ ሜልቲኔ ያስቀመጥኩትን።"

ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ኤጲስ ቆጶሳችንም ከሁሉ ዘግይቶ አሜን አለ።