የታጠበው ደም

«ምን ልትሠራ መጣች?» አለች የልጁ አክስት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሐኪም ቤት ለሞተ ሁሉ ለቅሶ ይደርሳል እንዴ? የሆነ ነገርማ አለ።»

የሟች ልጅም በር ሥር ከተቀመጠችው ሴት ላይ ዓይኑን አልነቀለም። የአባቱ ልብ በቀዶ ሕክምና ሲከፈት አንዱን ማሽን ይዛ የነበረችው የሐኪም ቤቱ ባለሙያ ናት። እሱ ለአባቱ ብሎ ደም ሰጥቶ ነበር። በኋላ ግን አንዷ ነርስ «ያንተ አላስፈለገም፤ የራሳቸውን መለስንላቸው» አለችው። የፈሰሰ ደም እንዴት ይመለሳል? ደሙን ለሌላ ሰው ሰጥተው አባቱን እንደገደሉበት ሲያብሰለስል ነው የሰነበተው። ሻይ ሲቀርብለት ሻዩን፣ ሰው ሲያጽናናው ሰውየውን ይጠረጥራል።

አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ አጣቢ ነበሩ። እድፍ አይፈሩም፤ የሚፈሩት የሰውን ልብስ ከሰው ልብስ ማምታታት ነበር። ለዚህም በየልብሱ ጠርዝ ላይ የምልክት ክር ይሰፋሉ። አንድ ጊዜ ክሩን ረስተው የአንድ ሙሽራን ሱሪ ለአንድ ወፍራም ጎረቤት ሰጡት፤ ሙሽራውም በጎረቤቱ ሱሪ ውስጥ እየዋኘ ተዳረ። ቤተሰቡ በሳቅ ፍርስ ሲል እሳቸው ግን እህል አልቀመሱም።

ልጁ ሄዶ ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ደሜ የት ገባ?»

«ደም ባንክ ተመለሰ። ከደረታቸው የፈሰሰውን ማሽኑ መጥጦ ያጥበዋል፤ ንጹሑን በደም ሥራቸው መልሰን እንሰጣቸዋለን። ባይበቃ ኖሮ ያንተን እንጨምር ነበር።»

«ታዲያ አባዬ ለምን ሞተ?»

«ደም አልጎደላቸውም። ልባቸው ነው እንደገና አልመታ ያለን።»

«ሁላችሁም የምትሉት ይህንኑ ነው።»

ሴትዮዋ ልትነሳ ነጠላዋን ሰበሰበች፤ ከዚያ መነሳቱን ተወችው።

«ደማቸውን አጥቤ እንደምመልስላቸው ስነግራቸው ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ልጄ፣ ክር ስፊበት፤ ከሰው ጋር እንዳይምታታብሽ። እኔ በሱሪ አይቼዋለሁ።› ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንዲያ ያሳቁኝን ሰው ሳልሰናበት መቅረት አልሆነልኝም።»

ይህን ማንም ፈጥሮ አያወራውም፤ አባቱ ራሳቸው ናቸው። ልጁ የሚጠረጥረው ሰው አጣ፤ ባዶውን የቀረ መሰለው።

አክስቱ ከማዶ «ምን አለችህ?» በሚል ዓይን ታየዋለች። እሱ ግን ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«አንቺ ራስሽ ነሽ ያጠብሽው?»

«እኔው ነኝ።»

እጇን በሁለት እጁ አንስቶ ጉንጩ ላይ አደረገው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።