የተሰነጠቀው ጋን

ከግድግዳው ወዲያ ፈጣን፣ ቀጭን የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ምንዳዬ ጓንቱን ሳያጠልቅ ቆመ። እንዲህ አድርጎ የሚመታ ሰው ከአባቱ ሌላ አያውቅም።

አሜሪካ፣ ኩን ራፒድስ ከተማ ባለው የብረታ ብረት ወርክሾፕ አዲስ ሰው ገብቷል፤ ስቲቮ የሚባል፣ ከሮማኒ ሕዝብ የሆነ አዛውንት። የተቀጠረው፣ የምንዳዬ የሥራ ባልደረባ አክሊል ሳያግል ቀጥቅጦ የሰነጠቀውን የቢራ መጥመቂያ የመዳብ ጋን ሊጠግን ነው። መዳብ በእሳት ካላለዘቡት እንደሚሰነጠቅ ምንዳዬ ያውቅ ነበር። ግን ዝም አለ። "ከየት ተማርከው?" ቢሉትስ? እሑድ የአክሊልን እህት ገነትን የሚጠይቁለት ሽማግሌዎች ቀጠሮ ይዘዋል።

ምንዳዬ ስቲቮ ወደሚሠራበት ክፍል ሲገባ፣ አክሊል ጠጋ አለው።

"ምንዴ፣ ቱልቦክስህን ሎክ አድርግ።"

"ምነው?"

"ሰውዬው ጂፕሲ ነው። ዩቲዩብ ላይ አላየህም? አውሮፓን የጨረሱ ሌቦች! ና አብረን ለማናጀሩ እንንገረው።"

"ምን ሰረቀህ?"

"እስኪሰርቀኝ ልጠብቅ? ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ እኛም አገር ቀጥቃጭን ቡዳ የሚሉት እኮ በከንቱ አይደለም።"

ስቲቮ አማርኛ ባይሰማም አንዷን ቃል ለይቷታል። ቀና አለና በእንግሊዝኛ፣ "ጂፕሲ እያሉ ነው አያቴን ከሩማንያ መንደሯ ያባረሯት፤ ሴንት ፖል ውስጥ ቤት ልከራይ ስሄድም እኔን የመለሱኝ። የሕዝባችን ስም ሮማ ነው" አለ። "አሁን የውሃውን ባልዲ አቀብሉኝ፣ መዳቡ እንደጋለ ውሃ ካልነካው አይለዝብም።"

ምንዳዬ ውሃውን ራሱ በጋለው መዳብ ላይ ደፋው። እንፋሎቱ ፊቱን መታው።

አባቱ ለደብሩ ቃጭል፣ ለገበሬው ማረሻ እየሠሩ፣ ጎረቤት ቤታቸው እህል ሳይቀምስ ሰባ ዓመት ኖረዋል። አንገታቸውን ግን አንድም ቀን አልደፉም። የደፋው እሱ ነው፤ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ።

"አክሊል፣ ጋኑ በእጅህ ሲሰነጠቅ አይቼ ዝም ያልኩህ ፈርቼ ነው። መዳብ ማለዘብ አባቴ አስተምረውኛል። ቀጥቃጭ ናቸው።"

"ሂድ፣ አትቀልድ!"

"የምን ቀልድ? የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ዘሬን ስትጠይቋቸው ይህንኑ ነው የሚነግሯችሁ።"

"ገነት ታውቃለች?"

"ዛሬ እነግራታለሁ።"

አክሊል ጋኑን አየ፤ ምንዳዬን አየ። ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ሥራውን ጥሎ ወጣ።